ፋናችንን ማን ነው የሚያዘው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ላፕቶፑ ሲሞቅ ፋኑ ይዙር፤ ሲቀዘቅዝ ዝም ይበል። በቃ። ግጥም ይጻፍልን አላልንም፤ ቡና ያፍላልን አላልንም። ላፕቶፓችን ላይ ሊኑክስ ጭነን፣ ዊንዶውስን ተሰናብተን፣ ከእንግዲህ የማሽናችን ጌቶች እኛ ነን ብለን ስንዝናና ነው ያቺ ከመዳፍ የማትበልጥ ፋን ለእኛ እንደማትታዘዝ የተረዳነው።

ጌትነታችን ሌላው ጋ ሁሉ ይሠራል እኮ! ከርነሉን ነቅለን ሌላ መትከል እንችላለን። የስክሪኑን ቀለም፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ የኪቦርዱን እያንዳንዷን ቁልፍ እንዳሻን እንለውጣለን። በአንዲት መስመር ትእዛዝ ዲስኩን ከነሙሉ ፋይሉ ማጥፋት እንችላለን፤ "ኧረ ተው" የሚለንም የለም። ፋኑን "ትንሽ ቀስ በል" ለማለት ግን ደጅ መጥናት አለብን።

ሥራውን በአግባቡ ቢሠራማ ማን ይነካው ነበር? የአንድ ገጽ ደብዳቤ ስንጽፍ ይጮኻል። እጃችንን አጣጥፈን ስናነብ ይጮኻል። ቪዲዮ ማቀናበር ስንጀምር፣ ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ኪቦርዱ ጣት ማቃጠል ሲጀምር ደግሞ ያመነታል፤ አስቦ አስቦ፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከጩኸቱም ይልቅ የሚያናድደው ይሄ ማመንታቱ ነው። ይነሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞራል፣ ይተኛል። ይነሳል፣ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል፣ ይተኛል። ምክንያቱ ደግሞ ምሥጢር አይደለም። 50 ዲግሪ ላይ ተነስ፣ 49 ላይ ቁም የተባለ ፋን ዕድሜ ልኩን በ49 እና በ50 መካከል ሲመላለስ ይኖራል። በመነሻውና በማቆሚያው መካከል አምስት ስድስት ዲግሪ ክፍተት መተው ነው መድኃኒቱ። ይህን እኛ ካወቅነው፣ ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ምን ቢነካው ነው ያላወቀው?

ቤተሰብም አይተወንም። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? አጥፋው እንጂ፣ ቤቱን ያቃጥልብናል!" ይላሉ እናቶቻችን። "አይ እማዬ፣ ፋኑ ነው" እንላለን። "ፋኑ ከሆነ ታዲያ ለምን አታስተካክለውም? ኮምፒውተር አይደል የተማርከው?" እዚህ ላይ መልስ የለንም። በኦንላይን ስብሰባ መሃል አንዱ "ይቅርታ፣ የማን ማይክ ነው የሚረብሸው?" ሲል ሁላችንም እንደማይመለከተው ሰው ዝም እንላለን፤ ቀስ ብለንም ማይካችንን እናጠፋለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። ኪቦርዱን፣ የባትሪውን ቻርጅ፣ የክዳኑን መከፈትና መዘጋት የሚከታተለው እሱ ነው፤ ፋኑም በእሱ እጅ ነው። የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው አምራቹ ነው፤ አምራቹም ምን እንደጻፈ ለማንም አይናገርም። ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ባለ ቀለም፣ ባለ ግራፍ፣ በማውስ ጎተት የሚደረግ ማስተካከያ ሠርቶ ይሰጠዋል። ለእኛ ምንም። ቺፑ ውስጥ የትኛው ቁጥር የትኛውን ነገር እንደሚያዝ የሚገልጽ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ቢያወጡ ያልቅ ነበር። አንድ ገጽ! የዋስትና ወረቀቱን በሃያ ቋንቋ አትመው ካርቶን ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ናቸው እኮ።

እሺ፣ ራሳችን እንሞክር። መጀመሪያ ሙቀቱን እንለካ። ኤልኤም-ሴንሰርስ የሚባለውን ፓኬጅ እንጭናለን፤ ሴንሰር ፈላጊው ፕሮግራም ይነሳና ጥያቄውን ይጀምራል። ይህንን ልፈልግ? አዎ። ያንንስ? አዎ። ይኼኛው ፍለጋ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ልቀጥል? እኛ ምን እናውቃለን! አንተ አይደለህ እንዴ ባለሙያው? ዓይናችንን ጨፍነን አዎ እንላለን። ያ ሁሉ አልፎ "ሴንሰርስ" ብለን ስንጽፍ ቁጥር ይዘረገፍልናል።

ቁጥሮቹን በየተራ ብናያቸው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሰው ራሱን የሚጠራጠረው። አንደኛው ሴንሰር 27.8 ዲግሪ ይላል። ጠዋት 27.8። ማታ 27.8። ማሽኑ በላብ ሲጠመቅ 27.8። ይህ ሰውዬ ሙቀት አይለካም፤ ባዮሱ አንዴ የነገረውን ይደግማል። ከእሱ ወረድ ሲል የዲስኩ ሙቀት አለ፦ 38 ዲግሪ። ደህና። ጎኑ ላይ ግን የተፈቀደለት ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት ተጽፏል፤ ዝቅተኛው -273.1፣ ከፍተኛው 65,261.8 ዲግሪ ሴልሺየስ። በሰላም ነው? የፀሐይ ገጽ ራሱ 5,500 ዲግሪ ግድም ነው። የእኛ ዲስክ፣ ባለ 256 ጊጋዋ፣ ከፀሐይ አሥር እጥፍ በላይ እስክትግል ድረስ ማስጠንቀቂያ አያስፈልጋትም ማለት ነው። ይህም ምክንያት አለው፤ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ዲስኩ ገደቡን በኬልቪን ነው የሚናገረው፤ ገደብ ያልተሰጠው ሴንሰር ዝቅተኛውን ዜሮ፣ ከፍተኛውን ደግሞ በ16 ቢት የሚጻፈውን ትልቁን ቁጥር፣ 65,535ን፣ ይዞ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም በታማኝነት ከሁለቱም ላይ 273 ገደማ ይቀንስና ያቀርብልናል። ስሌቱ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው፣ ይህን አይቶ "ምንም ገደብ አልተሰጠም" ብሎ መጻፍ ለማንም አለመታየቱ ነው።

ፋይሎቹን በቀጥታ እናንብብ ካልንም ከርነሉ ሙቀቱን የሚጽፈው በዲግሪ አንድ ሺህኛ ነው። 45 ዲግሪ ማለት 45000 ነው። ለሺህ ማካፈል የረሳ ስክሪፕት በየደቂቃው "ተቃጠልን!" እያለ ያውጃል። የፋኑ ፍጥነት ግን በዲግሪም በመቶኛም አይደለም፤ ከ0 እስከ 255 ነው። ፍጥነቱ የሚጻፍበት ፋይል ላይ 0 ስንጽፍ ፋኑ ይቆማል። ጎን ለጎን ደግሞ ፋኑን ማን ይምራው የሚለውን የሚወስን ሌላ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ 1 ማለት "እኔ በእጄ እመራዋለሁ" ማለት ነው፣ 2 እና ከዚያ በላይ ማለት "ራሱ ይምራ"። 0ስ? 0 ማለት ቁጥጥር የለም፣ በሙሉ ኃይል ዙር። ስለዚህ በአንደኛው ፋይል ዜሮ ጸጥታ ነው፤ በጎረቤቱ ዜሮ ጩኸት ነው።

ይህንንም ችለን አለፍን እንበል። ቁጥሩን ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ብቻ ነው የቀረን። "ሱዶ ኢኮ" ብለን፣ ቁጥሩን ጽፈን፣ የቀስት ምልክቷን አድርገን፣ የፋይሉን ስም እንጽፋለን። ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቀን ይመልስልናል፦ "ፐርሚሽን ዲናይድ።" እንዴት? የማሽኑ አስተዳዳሪ ነን ብለን "ሱዶ" ጽፈን? የሚገርመው መልሱ ይህ ነው፦ አስተዳዳሪ የሆነው ቁጥሩን የሚናገረው "ኢኮ" ብቻ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ግን ሼሉ ነው፤ ሼሉ ደግሞ ያው ተራው ተጠቃሚ፣ እኛው ነን። ስለዚህ ተናጋሪው ሥልጣን አለው፣ ጸሐፊው የለውም። መፍትሔው "ቲ" የምትባል ሌላ ትእዛዝ በመሃል አስገብቶ ሥልጣኑን ለእሷ መስጠት ነው። ይህንን ሊኑክስ የጀመረ ሰው ሁሉ በየቤቱ፣ በየሌሊቱ፣ ለብቻው ይማራል።

ከዚያ ይሠራል። እውነት! ፋኑ ይታዘዛል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ስክሪፕቱን እናስተካክላለን፤ ሙቀቱን ከአራተኛው የሴንሰር ማውጫ እንዲያነብ፣ ከ55 በታች ዝግ እንዲል፣ ከ75 በላይ እንዲሮጥ፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ። ተኝተን እንነሳለን፤ ማሽኑን እንከፍታለን፤ አራተኛው አምስተኛ ሆኗል። ከርነሉ ለሴንሰሮቹ ቁጥር የሚሰጠው በመጡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ዛሬ ዋይፋዩ ቀድሞ ከደረሰ የእሱ ሴንሰር የፕሮሰሰሩን ቦታ ይይዛል። ስክሪፕታችንም የዋይፋዩን ሙቀት እያየ፣ ሁሉ ሰላም ነው እያለ፣ ፕሮሰሰሩን ያበስለዋል። በቁጥር ሳይሆን በስም መፈለግ ነው ትክክሉ፤ እያንዳንዱ ማውጫ ውስጥ ስሙ የተጻፈባት ትንሽ ፋይል አለች። ፋንኮንትሮል የሚባለው፣ ራሱ የባሽ ስክሪፕት የሆነው የታወቀው መሣሪያ፣ ቢያንስ ስሙን ያመሳክራል። ስሙ ካልገጠመ ምን ያደርጋል? ውቅሩ ጊዜ ያለፈበት ይመስላል፣ እንደገና አዋቅሩ ብሎ ሥራውን ያቆማል። ጨዋ ነው፤ ግን አቆመ። እንደገና ለማዋቀር ስንሄድ ደግሞ የማዋቀሪያው ፕሮግራም በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ፍጥነቱ ሊለወጥ የሚችል ፋን አላገኘሁም ብሎ ያሰናብተናል። ፋኑ እኮ እየጮኸ ነው! አጠገብህ ነው! አይሰማህም?

በዚህ ሁሉ መሃል ቲንክፓድ የያዙ ወንድሞቻችን ይኮራሉ። እውነት ነው፣ እነሱ ከሌላው ይሻላሉ። ፋኑን በአንዲት ፋይል፣ ከ0 እስከ 7 ባለው ደረጃ ያዛሉ። የፋይሏ ማውጫ ስሙ ግን ዛሬም "አይቢኤም" ነው፤ አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለሌኖቮ ያስረከበው በ2005 ነው። የቤቱ ባለቤት ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፣ በር ላይ ያለው ስም እንደተለጠፈ ነው። ማዘዙም እንዲሁ አይፈቀድም፤ አስቀድሞ ፋኑን የሚያዘው የከርነል ሞጁል ሲጫን "ኃላፊነቱን እወስዳለሁ" የሚል ዓይነት አማራጭ መስጠት ያስፈልጋል። ሰባተኛው ደረጃ የመጨረሻው ነው ብለን ስናስብም ከእሱ በላይ ሌላ አለ፤ መቆጣጠሪያው ፋኑን ልጓም ፈትቶ የሚለቅበት። እሱን በቀን የሞከረ ሰው በሌሊት አይደግመውም። ቲንክፋን የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ደረጃውንና ዲግሪውን በቅንፍ ጻፉልኝ ይለን ነበር፤ ያንን ለምደን ስናበቃ በያምል ጻፉልኝ አለ። በያምል አንዲት ባዶ ቦታ ከጎደለች ፕሮግራሙ አይነሳም።

ይህችን ግን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው፦ የቲንክፓዱ ሞጁል ዘበኛ አለው። እስከ 120 ሰከንድ ድረስ ጊዜ እንሰጠዋለን፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪፕታችን ድምፁን ካላሰማ ሞቷል ብሎ ፋኑን ወደ ራስ-መር ይመልሰዋል። ይህ ቀልድ አይደለም። ፋኑን አቁሞ ሳለ የሞተ ስክሪፕት ፋኑን እንዳቆመው ነው የሚሄደው። ስክሪፕት በየሰፈሩ እንጽፋለን፤ "ስሞት ፋኑን ለባለቤቱ መልሱ" የሚል ኑዛዜ የሚያስገባበት ግን ከስንት አንድ ነው።

እና ስክሪፕቱን የማንን እንውሰድ? ሁሉም አለው። ሁሉም "በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል" ይላል። የእሱ ማሽን ከእኛ ማሽን በአንዲት ፊደል ይለያል፤ ያቺ ፊደል ግን ሌላ ቺፕ ማለት ናት። ኖትቡክ ፋንኮንትሮል የሚባለው መሣሪያ ለየሞዴሉ የተዘጋጀ ውቅር አለው፤ የእኛ ሞዴል ከሌለ "የሚቀርበውን ሞክሩ" እንባላለን። የሚቀርበውን! ኢምቤድድ ኮንትሮለሩ ውስጥ በግምት ቁጥር መጻፍ ነው እኮ፤ በአንዱ ሞዴል ፋን የሆነ አድራሻ በሌላው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዚያ በላይ ደግሞ ሴኪዩር ቡት ከበራ ከርነሉ ራሱ "ወደዚያ መጻፍ ክልክል ነው" ይላል፤ ለደኅንነታችን ሲል። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ደግሞ ባዮሱ ያዘዝነውን ይቀበላል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሳል፣ ከዚያ መልሶ ይነጥቀናል።

ስክሪፕቶቹ ራሳቸውም አያርፉም። ሙቀት ለመለካት በየሰከንዱ የሚነሳ፣ በየሰከንዱ አምስት ስድስት ትናንሽ ፕሮግራሞችን ቀስቅሶ የሚያስተኛ ስክሪፕት አለ፤ ፕሮሰሰሩን እንዳይተኛ የሚያደርገው እሱ ነው። ላፕቶፑን ዘግተን ስንከፍተው ደግሞ ኮንትሮለሩ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ሥርዓት ይመለሳል። ስለዚህ ከእንቅልፍ ሲነቃ ስክሪፕቱን የሚቀሰቅስ ሌላ ስክሪፕት እንጽፋለን። ለስክሪፕቱ ቀስቃሽ ስክሪፕት!

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌሎቹም ዝም አላሉም። ኢንቴል ቴርማልዲ የሚባል አለው፤ ሙቀት ሲጨምር ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል። ቲኤልፒ አለ፤ ባትሪ ልቆጥብ ይላል። ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመን አለ፤ እሱም ኃይሉን እኔ ነኝ የማከፋፍለው ይላል፣ ከቲኤልፒ ጋር አብሮ መኖርም አይሆንለትም። ባዮሱ አለ። ኮንትሮለሩ አለ። እኛ አለን፣ በስም። ሁሉም አዛዥ፣ ሁሉም ሽማግሌ የሆነበት የሠርግ ድንኳን ሆኗል፤ ወጡን ማን ያማስለው ሲባል ግን ሁሉም ወደ ጎን ያያል። ፋኑ ሳይነሳ ቴርማልዲ ቀድሞ ፕሮሰሰሩን ያስረዋል፤ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፤ ሲንቀረፈፍ ይቀዘቅዛል፤ ስክሪፕታችን ቀዝቅዟል ብሎ ፋኑን ያቆማል። ሁሉም ሥራውን ሠራ። እኛ ብቻ አንዲት ገጽ እስክትከፈት እንጠብቃለን።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የራሳችን ተጨማሪ አለን። አብዛኞቻችን የምንይዘው ከውጭ ያገለገለ ማሽን ነው፤ ያገለገለበት አገር አቧራ ሳይራገፍ የእኛው ይደረብበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዱባይ ያለ ሰው ለሙቀቱ ሲከፍል፣ እኛ እዚህ ሳሳ ላለው አየር እንከፍላለን። በቲንክፓድ መመሪያ ላይ ከ2,438 ሜትር በላይ የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት ከ35 ወደ 31.3 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ተጽፏል። ደብረ ብርሃን ላሉት ይታወቅላቸው፤ እዚያ 31 ዲግሪ የሚገኝ ከሆነ። እስከ ነጥብ ሦስት ድረስ ለተራራችን ያሰቡ ሰዎች ለሊኑክሳችን አንድ መስመር ማሰብ ምን ከበዳቸው?

ጥገና ቤት እንሂድ ብንል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ባለሙያው ክዳኑን ከፍቶ ተርሚናሉን ያያል፤ ፊቱ ይለወጣል። "ይሄ ምንድነው የተጫነው?" ሊኑክስ ነው። "አሃ!" ይላል፣ ሞተሩ ውስጥ ስኳር ተጨምሮ ያገኘ ይመስል። "ዊንዶውስ ልጫንልህ፣ ይስተካከላል።" የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ እውነቱን መሆኑ ነው። አቧራውን ጠርጎ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ቀይሮ ሲሰጠን ግን ስክሪፕቱ ሁሉ ያላመጣውን አሥር ዲግሪ ያወርደዋል፤ ይህን ለጓደኞቻችን አንናገርም።

አይቻልም እንዳንልም ይቻላል። ፍሬምወርክና ሲስተም76 የኢምቤድድ ኮንትሮለራቸውን ፕሮግራም ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርገዋል፤ የክሮምቡኮቹም ክፍት ነው። ሰማይ አልተደፋም፣ ኩባንያ አልከሰረም፣ ላፕቶፕም አልፈነዳም። ከእነሱ አንዱን ማዘዝ ነው እንግዲህ። ዋጋውን አየን። ማጓጓዣውን አየን። ቀረጥ የሚያውቅ ሰው ጠየቅን፤ እሱም ሳቀ።